ልጃችንን ለረጅም ዓመታት የጤና ጥናት እናስመዝግብ ወይስ ይቅር?

የአቢ እናት (ሚኒሶታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የከበደኝ ነገር አለና ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ሁለተኛ ልጄን እርጉዝ ነኝ። በቅርቡ ለክትትል ስሄድ አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ ስለ አንድ ጥናት አስረዳችኝ። ኤችቢሲዲ ይባላል። የሕፃናት አእምሮ ከማኅፀን ጀምሮ እንዴት እንደሚያድግ የሚከታተል ነው። በአሜሪካ 27 ቦታ ላይ ይካሄዳል፣ ከ7,000 በላይ ቤተሰቦችን ለማሳተፍ ነው ሐሳባቸው። ገንዘቡ የሚመጣው ከፌዴራሉ የጤና ምርምር ተቋም ነው። ልጁን 10 ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ይከታተሉታል ማለት ነው።

የሚያደርጉትን ስትዘረዝርልኝ አብዛኛው ቀላል ነው። መጠይቅ አለ፣ ክብደትና ቁመት አለ፣ ምራቅና ሌላ ናሙና ይወስዳሉ። ልጁ ሲተኛ በኤምአርአይ ማሽን የአንጎሉን ምስል ያነሱታል። ጭንቅላቱ ላይ ቆብ የመሰለ ነገር አድርገውም የአንጎሉን እንቅስቃሴ ይመዘግባሉ። በመድኃኒት አያስተኙትም፣ ራሱ እንቅልፍ እስኪወስደው ይጠብቃሉ። ለጊዜያችን ክፍያ አለው።

እኔ ልቤ ወደ እሺ ያደላል። ባለቤቴ ግን በጭራሽ ብሏል። "ልጄ መሞከሪያ አይሆንም" ነው የሚለው። እናቴም ከአዲስ አበባ በስልክ ሰምታ "ገና ላልተወለደ ልጅ ምን ዓይነት መዝገብ ነው?" ብላ ተቆጣች። እነሱን የማሳምንበት ዘዴ አይደለም የምጠይቃችሁ። እኔ ራሴ ከመወሰኔ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ? ልጁን ያስመዘገበ ወይም እንዲህ ዓይነት ጥናት ላይ የሠራ ሰው አለ?

ዳዊት ከቨርጂኒያ

በሽልም ያውጣሽ እህቴ። እኔ ግን ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እዚሁ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ምን እንደተሠራ ሁላችንም ማወቅ አለብን። 600 ጥቁር ወንዶች ነበሩ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ለእነሱ የተነገራቸው ግን "መጥፎ ደም አለባችሁ" ተብሎ ነው። ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጧቸውም። በሽታው ሰውነታቸውን እንዴት እንደሚጨርስ 40 ዓመት ቁጭ ብለው አዩ። ነፃ ምርመራ፣ ምግብ፣ ሲሞቱም የቀብር ወጪ ይሰጧቸው ነበር። ይህን ሲያደርግ የነበረው የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ "መንግሥት ነው የሚከፍለው" የሚለው እኔን አያረጋጋኝም።

ሲስተር ኤልሳ

ዳዊት ያልከው እውነት ነው፣ አንድ ቃል አልቀንስበትም። እኔ ነርስ ነኝ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የጤና ባለሙያ ወረቀት ይዞ ሰው ፊት መቅረብ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ግን ቀጥሎ የሆነውም ይነገር። ጉዳዩ በ1972 በጋዜጣ ሲወጣ አገር ተናወጠ፣ በ1974 ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይታይ አይጀመርም። ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ አንዱ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው መሆን አለበት። ለሕፃናት ደግሞ ተጨማሪ ደንብ አለ። የወላጅ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ልጁ ነገር መለየት ሲጀምር የራሱ እሺታም ይጠየቃል።

የአቢ እናት፣ ለአንቺ ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ጥናት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መድኃኒት ወይም ክትባት ሰጥቶ ውጤቱን ያያል። ሌላው ምንም ሳይሰጥ ልጁ በተፈጥሮው ሲያድግ ይመለከታል። የተነገረሽ ሁለተኛው ነው። "መሞከሪያ" የሚለው ቃል እዚህ ላይ ልክ አይመጣም። ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፣ ችግሩ ጩኸቱ ነው፣ ለዚያም የሕፃኑን ጆሮ ይሸፍኑለታል።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቅሻለሁ። ይህ ሕክምና አይደለም። ብዙ ሰው ትልቅ ማሽን ውስጥ ስለገባ ልጁ የተመረመረ ይመስለዋል። አልተመረመረም። "ያልጠበቃችሁትን ነገር ብታዩ ትነግሩኛላችሁ? ማን ነው የሚያየው? በምን ያህል ጊዜ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በቃል ብቻ አትቀበዪ፣ ወረቀቱ ላይ የት እንደተጻፈ ያሳዩሽ።

የሰፈር ልጅ

እኔም ሚስቴ ተጠይቃ ነበርና ይህን ውይይት እከታተላለሁ። ጻፉ እባካችሁ።

መረጃ ሰብሳቢው

እኔ አገር ቤት ነው የሠራሁት፣ በሌላኛው ወገን ቆሜ። ደብተርና ሚዛን ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ። ምናልባት ከዚያ በኩል የሚታየው ይጠቅምሽ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ልጆችን ለረጅም ዘመን የተከታተሉ ጥናቶች እንዳሉ ብዙ ሰው አያውቅም። ያንግ ላይቭስ የሚባለው በ2002 (በፈረንጆቹ) ሲጀምር ከአዲስ አበባ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከትግራይና ከደቡብ 3,000 ልጆችን ነው የያዘው። 2,000ዎቹ ያኔ ገና ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ 1,000ዎቹ የ8 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሕንድ፣ ፔሩና ቬትናም ላይም ተመሳሳይ ሥራ ነበር፣ በድምሩ 12,000 ልጅ። በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሱ ቁመት ይለካሉ፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ የቤቱን ኑሮ ይጠይቃሉ። በኮቪድ ጊዜ በስልክ ቀጠሉ። እነዚያ ጨቅላዎች ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ወልደዋል። የተመረጡት ቦታዎች ትክክለኛ ስም እንኳ በሚታተመው ጽሑፍ ላይ አይወጣም፣ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ተብሎ።

ጅማ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከ2008 ጀምሮ አራስ ሕፃናትን ተከታትሏል። ፒ ፖድ የሚባል ማሽን አለ። ሕፃኑ ልብሱ ወልቆ ለሁለት ደቂቃ ያህል የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይተኛል። በመስኮቱ ይታያል። ከክብደቱ ውስጥ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻና አጥንት እንደሆነ ይለያል። አንዲት የወለደች እናት ልጇን ራቁቱን አውጥታ ለማታውቀው ሰው ስትሰጥ አስቡት። በአገራችን አራስ ልጅ ከዓይን ይጠበቃል፣ ይሸፈናል። ያ እሺታ ቀላል አይደለም። ያገኙት ነገር ግን ትልቅ ነው። ልጁ 2 ዓመት ሲሞላው ከዕድገት ደረጃው ጋር የተያያዘው ሲወለድ የነበረው ስብ ሳይሆን ከስብ ውጭ ያለው ክብደት ነበር። "ድብልብል ያለ ልጅ ጤነኛ ነው" ለምንል ሰዎች ይህ ቆም ብሎ ማሰብ የሚያሻው ውጤት ነው።

አሁን የልቤን ልናገር። በመንደር ውስጥ ትልቁ ጥያቄ "ደሙን የት ትወስዱታላችሁ?" አይደለም፣ እሱም ይጠየቃል፣ ግን ታስረዳና ያልፋል። ትልቁ ጥያቄ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ነው የሚመጣው። አንዲት እናት፣ የቱ ጥናት እንደሆነ አልናገርም፣ ቡና አፍልታ አስቀምጣ "ባለፈው ለክተህ ሄድክ። ምን ተገኘ?" አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ውጭ አገር ተነቧል፣ ለእሷ ግን አንድ ገጽ አማርኛ የጻፈላት የለም። ሴትየዋ ገንዘብ አልጠየቀችም፣ የልጇን ነገር ነው የጠየቀችው። እንዲህ ያለው ነገር አሁንም ያናድደኛል። ሰው በሩን ለዓመታት ከፍቶ ካስገባህ፣ ያየኸውን ተመልሰህ መንገር ግዴታህ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ "ውጤቱን ለቤተሰቦቹ የምትነግሩት መቼና እንዴት ነው?" የሚለውን ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ጋር አድርጊው። የሚያፍሩና የሚያድበሰብሱ ከሆነ ተጠንቀቂ።

ጋሽ መኮንን

ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጤና መኮንን ነኝ። ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልበል። አትፍረጂባት። ልጅ ሳይወለድ ስሙ አይነሳም፣ ልብስ አይገዛም በሚባልበት ቤት ነው ያደገችው። ብዙ ሕፃን ይሞት በነበረበት ዘመን ሰው ልቡን የሚጠብቅበት መንገድ ነበር ያ።

አሁን ግን አንቺም እሷም የምታውቁትን ነገር ላንሳ። ጤና ጣቢያ ልጅ ሲመዘን ነጥብ የሚደረግበት የዕድገት ካርድ አለ አይደል? መስመሮቹ ከየት እንደመጡ ታውቂያለሽ? የዓለም ጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 በስድስት አገሮች፣ ማለትም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ፣ 8,500 ያህል ልጆችን ለክቶ ነው የሠራው። ከመካከላቸው ከልደት ጀምሮ የተያዙት ሕፃናት ቤታቸው ድረስ እየተሄደ በሁለት ዓመት ውስጥ 21 ጊዜ ተለክተዋል። እናቶቹ ጡት እያጠቡ፣ በየወሩ በር እየከፈቱ፣ ያለቀሰ ልጅ እያባበሉ። በ2006 ወጣ። ዛሬ ሰሜን ሸዋ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ "ይህ ልጅ ቀንጭሯል" ብላ የምታውቀው በእነዚያ ቤተሰቦች ምክንያት ነው። ከአፍሪካ የገቡት የአክራ ልጆች ናቸው። የዚያን ጊዜ "የእኔ ልጅ አይለካም" ያሉ ሁሉ ትክክል ነበሩ ብንል፣ ካርዱ የለም።

እኔ ሥራዬን በዚያ ካርድ የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ወደ እሺ አደላለሁ፣ አልደብቅሽም።

ቅድስት ከብሪስቶል

ጋሽ መኮንን እድሜ ይስጥዎት። እኔ የምኖርበት ከተማ በዚህ ነገር የታወቀ ነው። በ1991 እና በ1992 ብሪስቶልና አካባቢው ሊወልዱ የነበሩ ከ14,000 በላይ እናቶች ተመዝግበው ልጆቹ እስካሁን ይጠናሉ። "የ90ዎቹ ልጆች" ይሏቸዋል። የእንግዴ ልጅ ሳይቀር ተቀምጧል፣ የወለቀ የወተት ጥርስም። አሁን የልጆቹ ልጆችም እየተመዘገቡ ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አንዷ ናት፣ በኩራት ነው የምታወራው።

ለእኛ የሚነካን ውጤት አለ። በ2013 ያወጡት ነው። በእርግዝና ወቅት አዮዲን ያነሳቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች በ8 ዓመታቸው በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ አመጡ። እጥረቱ ከቀላል እስከ መካከለኛ የሚባለው ነበር። እኛ አዮዲን ስንል እንቅርት ብቻ ነው የሚታየን። እንቅርት ሳይወጣ፣ ምንም ሳይታይ፣ ልጅ ላይ የሚቀር ነገር እንዳለ ግን የሚታወቀው ልጁን እስከ 8 ዓመቱ የሚከተል ሰው ሲኖር ነው። በአንድ ቀን ምርመራ አይገኝም። ኢትዮጵያ በ2011 (በፈረንጆቹ) ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ያወጣችበትን ምክንያት ያጠናክረዋል።

የአቢ እናት (ሚኒሶታ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ መኮንን፣ ስለ እናቴ ያሉት ልቤን ነካው፣ ያንን ካርድ እሷም ታውቀዋለች፣ እነግራታለሁ።

አሁን የባለቤቴን እውነተኛ ፍርሃት ልንገራችሁ። ማታ ቁጭ ብለን ስናወራ ነው የወጣው። የሚፈራው ሲፒኤስን፣ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ነው። መጠይቁ ላይ ስለ መጠጥ፣ ስለ ዕፅ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጠብ፣ ልጅ ስለመቅጣት ይጠይቃሉ። "የሆነ ቃል ብንናገር ልጃችንን ቢወስዱብንስ?" ይላል። ይህንን ማን ይመልስልኛል?

ራሄል ሶሻል ወርከር

እኔ ልሞክር። ይህ ፍርሃት በማኅበረሰባችን ውስጥ በጣም ትልቅ ነው፣ ሰውም በግልጽ አያወራውም።

በፌዴራል የጤና ምርምር ተቋም ገንዘብ የሚካሄድ እንዲህ ያለ ጥናት የምስጢር ጥበቃ ሰርተፍኬት አለው። ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ "የእገሌን መልስ ስጡን" ብሎ ቢያዝ ተመራማሪዎቹ አንሰጥም የሚሉበት ሕጋዊ መብት ማለት ነው። በእርግዝናዬ ጠጥቻለሁ ያለች ሴት መልስ ተወስዶ እንዳይከሰስባት ታስቦ የተሠራ ነው።

ጥበቃው ግን ሁሉን አይሸፍንም። ልጅ ላይ ከባድ ጉዳት እየደረሰ መሆኑን ካዩ ወይም ከሰሙ፣ ወይም አንድ ሰው ራሱን ሊያጠፋ እንደሆነ ከተናገረ፣ ሊያሳውቁ ይችላሉ። ይህ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ያንን አንቀጽ ፈልጉና ባልና ሚስት አብራችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። መመለስ የማትፈልጉትን ጥያቄ መዝለል ትችላላችሁ። ማንም አያስገድዳችሁም።

ሌሎችም አሉ። መረጃው ስማችሁ ከላዩ ተነስቶ ለሌሎች ተመራማሪዎች ይሰጣል፣ በመላው ዓለም። በማንኛውም ቀን በቃኝ ብላችሁ መውጣት ትችላላችሁ፣ ሕክምናችሁ አይነካም። ግን እስከዚያ የተሰጠውና የተሰራጨው መረጃ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ናሙናው ቀሪው ይወገድ እንደሆነ ጠይቁ። የዘር ምርመራ ካለ ደግሞ፣ የ2008ቱ ሕግ የጤና መድን ድርጅትና ቀጣሪ እንዳይጠቀሙበት ይከለክላል። የሕይወት መድንን ግን አያካትትም። ይህንን ብዙ ጊዜ ማንም አያነሳውም።

ዳዊት ከቨርጂኒያ

ራሄል፣ ይህን በግልጽ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ሁሉ ደህና ነው ብቻ ብትይ አላምንሽም ነበር። ጋሽ መኮንን ስለ ካርዱ ያሉትም አሳስቦኛል።

አንድ የቀረኝ ነገር ግን አለ። ልጁስ? አባትና እናት ፈረሙ፣ እሱ ሳይወለድ ገባበት። 10 ዓመት ሲሞላው "ለምን አስገባችሁኝ?" ቢልስ?

የሁለት ልጆች እናት (ካሊፎርኒያ)

ዳዊት፣ ይህን እኔ ልመልስ እችላለሁ፣ ኖሬበታለሁና። ትልቋ ልጄ ኤቢሲዲ በሚባለው፣ የልጆችን የአእምሮ ዕድገት በሚከታተል ጥናት ውስጥ ናት። የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን ከ2016 እስከ 2018 መዝግበው ነው የጀመሩት፣ 21 ቦታ ላይ፣ ወደ 11,900 ልጆች። ለ10 ዓመት ያህል እንከተላቸዋለን ብለው። እሷ ገና ስትገባም ለብቻዋ በልጅ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ሰጥተው ጠየቋት። እኔ ፈርሜም እሷ እምቢ ብትል ኖሮ አይሆንም ነበር።

ለእኔ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። እያደገች ስትሄድ ጥያቄዎቹ ተለወጡ። ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ማሪዋና፣ ስለ ፍቅር ጓደኛ፣ ስለ ኀዘኗ። እሷን ለብቻዋ ነው የሚጠይቋት፣ መልሷን እኔ አላይም። ደህንነቷ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር አይነግሩኝም። ለሐበሻ እናት ይህ ቀላል አይደለም። ልጄ ለማላውቀው ሰው የምትናገረውን እኔ ሳላውቅ በመጠበቂያ ክፍል ቁጭ ማለት! መጀመሪያ በጣም ቅር ብሎኝ ነበር፣ ለሠራተኛዋም ነግሬያታለሁ። እሷም ረጋ ብላ "እርስዎ የሚያዩት ከሆነ እውነቱን አትነግረንም" አለችኝ።

አንድ ቀን ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ ራሷ "ማሚ፣ ዛሬ ስለ ጭንቀት ጠየቁኝ" ብላ ጀመረች። የተጠየቀችውን እየነገረች የራሷንም ጨመረች። እኔ ብጠይቃት "ምንም" ነበር የምትለኝ። ጥናቱ ይህን ሊያደርግልን አልተቋቋመም፣ ግን ሆነ። አንዳንድ ዓመት ደግሞ "ደክሞኛል፣ ኤምአርአይ አልገባም" ብላለች፣ እነሱም እሺ ብለዋታል። እምቢ ማለት እንደምትችል ቀድማ የተማረችው እዚያ ነው፣ ለሐኪምም ቢሆን። ይህን ለሴት ልጅ ትንሽ ነገር አልለውም።

ድካሙንም ልናገር። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይበላል። ታናሽ ልጅ ካለሽ የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ጥናቱ የወንድም እህት ማቆያ ወይም ትራንስፖርት ይሸፍን እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂ።

ሲስተር ኤልሳ

ይህ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። አመሰግናለሁ እህቴ።

የአቢ እናት (ሚኒሶታ)

ለባለቤቴ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። እሺ አላለም። "አብሬሽ ሄጄ እኔው ራሴ እጠይቃቸዋለሁ" ነው ያለው። ለእኔ ይህ ብዙ ነው።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። እሱ ባይፈርም እኔ ብቻዬን መፈረም እችላለሁ ወይ? ሁለተኛ፣ የእሱ እንግሊዝኛ ለሥራው ይበቃዋል እንጂ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ይቸገራል። ምን እናድርግ?

ራሄል ሶሻል ወርከር

ጉዳቱ አነስተኛ ለሆነ ጥናት የአንድ ወላጅ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ የሚወስነው ኮሚቴው ነው። ግን እህቴ፣ ፊርማው የአንድ ቀን ነው፣ የምትመላለሱት ግን ለዓመታት ነው። እሱ ልቡ ሳያምን ብትገቡ በየቀጠሮው ጠብ ይሆናል። ጊዜ ስጪው፣ እነሱም መጠበቅ ይችላሉ። "ዛሬውኑ ፈርሚ" ካሉሽ ተነስተሽ ውጪ።

ስለ ቋንቋው፣ ማብራሪያው ሰውየው በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት ይላል ደንቡ። ከቀጠሮው ቀድመሽ ደውይና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ወጪው የእናንተ አይደለም። አቢን አስተርጓሚ አታድርጓት፣ ዘመድም ባይሆን ይሻላል፣ ስለ መጠጥና ስለ ቤት ጠብ በዘመድ ፊት ማን ያወራል? ቅጹን ደግሞ ቀድመው በኢሜይል ይላኩልሽ። እቤት በእርጋታ አንብባችሁ ያልገባችሁን አስምሩበት።

መረጃ ሰብሳቢው

አንድ ልጨምር። ከእነሱ ጋር ስትገናኙ የሚያነጋግራችሁን ሰው ስምና ስልክ ያዙ፣ የኮሚቴውን ስልክም። ቅጹ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ሠራተኛ ይቀያየራል፣ የኮሚቴው ቁጥር ግን ይኖራል። ቅሬታ ሲኖራችሁ የምትደውሉት ለዚያ ነው።